በናሚቢያ የሰፋሪ እርሻ ላይ ማደር፦ አልጋው አሪፍ፣ ታሪኩ ግማሽ

ቶሎ ፍርዱን ለምትፈልጉ፦ ከአምስት ኮከብ ሦስት። አልጋው፣ እራቱና የሌሊቱ ሰማይ አምስት ከአምስት ናቸው። ሁለቱን ኮከብ የቆረጥኩት በታሪኩ ነው። ታሪክ ደግሞ እዚህ ቤት እንደ ምርቃት የሚሰጥ ነገር አይደለም። ማስታወቂያቸው ላይ ከመዋኛ ገንዳው በፊት የተጻፈው እሱ ነው፦ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ የቤተሰብ እርሻ፣ ከቤተሰቡ ጋር እራት፣ ከአያት አፍ የሚሰማ ወግ። ለታሪኩም ከፍለናል ማለት ነው፤ ስለዚህ ለታሪኩም ነጥብ እንሰጣለን።

የቤቱን ስም አልጽፍም። አንደኛ ሰዎቹ ክፉዎች አይደሉም። ሁለተኛ ከዊንድሁክ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኦካሃንጃ፣ ኦማሩሩና ኦቺዋሮንጎ ስትነዱ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የምታዩት ታፔላ ብዙው የእሱ ወንድም ነው። አንዱን ብጠራ ሌሎቹ ነጻ የወጡ ይመስላቸዋል።

ለማያውቀው፣ «ገስት ፋርም» ይሉታል። አብዛኞቹ ጀርመንኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች የያዟቸው የከብት እርሻዎች ናቸው። እርሻ ስላችሁ የጤፍ ማሳ እንዳይመጣባችሁ። አገሩ ደረቅ ነው፤ ከሰሐራ በታች እንደ ናሚቢያ ደረቅ አገር የለም ይባላል። አንዲት ላም ለማብላት ብዙ ሄክታር ስለሚያስፈልግ አንድ እርሻ በሺህ የሚቆጠር ሄክታር ይይዛል፤ ከዋናው በር እስከ ቤቱ ድረስ ትነዳላችሁ፣ ትነዳላችሁ፣ በመሃል እየወረዳችሁ የሽቦ በር ትከፍታላችሁ፣ መልሳችሁ ትዘጋላችሁ። (መዝጋት ከረሳችሁ ባለቤቱ ይቆጣል። ልክም ነው።) ድርቁ ሲደጋገም ከብት ብቻውን አላዋጣ አለና ብዙዎቹ እንግዳ መቀበል ጀመሩ። በ2019ም በ2024ም መንግሥት በድርቅ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጇል፤ ቀልድ አይደለም።

እኛ ጆሃንስበርግ የምንኖር አበሾች ነን። መኪና ይዘን ቦትስዋናን አቋርጠን ነው የገባነው። ለኛ አንዱ ደስ የሚል ነገር፣ የናሚቢያ ዶላር ከራንድ ጋር እኩል ነው፣ ራንዱም በየሱቁ ይሠራል። ምንዛሪ ፍለጋ መንከራተት የለም።

ክፍሉ ግሩም ነው። ወፍራም ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፤ ውጭው ሲነድ ውስጡ አይሞቅም። ሌሊት ግን ይበርዳል፣ በሰኔና በሐምሌ ደግሞ ይብሳል፤ በረሃ ነው ብላችሁ ያለ ጃኬት እንዳትሸወዱ። ሻወሩ ውስጥ ባልዲ አስቀምጠዋል። ሙቅ ውሃው እስኪመጣ የሚፈሰውን ቀዝቃዛ ለአትክልቱ ይሰበስቡታል። ይሄን ወደድኩት፤ ውሃ የሚያከብር ቤት ነው።

እራቱ የኦሪክስ (የሳላ) ጥብስ ነበር። ለስላሳ፣ ስብ የሌለው፣ ትንሽ ጣፈጥ የሚል ሥጋ። ይበላል አይበላም ብሎ ለሚጨነቅ፦ ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል፤ የቀረውን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱ። ቀኑ ዓርብ ስለነበር አንዱ ጓደኛችን ይጾማል። «ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም» ስንላቸው የባለቤቱ ሚስት ደነገጡ። ግን ተፍ ተፍ ብለው ዱባና ድንች በዘይት ሠሩለት፤ ዳቦው ውስጥ ወተት እንዳለና እንደሌለ ወጥ ቤት ገብተው አጣርተው መጡ። ይሄን የሚያደርግ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ስንት አለ? ቡናውን ግን ተዉት።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ከእራት በኋላ ኦማ መጡ። ቤተሰቡም እንግዳውም «ኦማ» ነው የሚላቸው፣ አያት። ዘጠናን ሊደፍኑ ጥቂት የቀራቸው፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ፣ ዓይናቸው ገና የሚስቅ ሴት ናቸው። ቆዳ የለበሰ የፎቶ አልበም ይዘዋል። ገጾቹ መካከል ስስ ወረቀት አለ፤ እሱን በሁለት ጣት እያነሱ ነው ፎቶውን የሚያሳዩት። በበሬ የሚጎተት ሠረገላ። የተደረደሩ ሳጥኖች። ነጭ ቀሚስ የለበሰች ሙሽራ ከድንኳን ፊት ለፊት። ከዚያ የጉድጓዱ ፎቶ መጣ። 1909 ይላል። የኦማ አያት ባርኔጣ አድርገው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመዋል። ሁለት ጥቁር ሰዎች ገመድ ይዘዋል፤ ሦስተኛው እስከ ደረቱ ጉድጓዱ ውስጥ ነው። ከፊት ውሻ ተኝታለች። ከሥሩ በቀጭን የእጅ ጽሑፍ የአያትየው ስም አለ፣ ዓመቱ አለ፣ የውሻዋ ስም አለ። ሴንታ ትባላለች። የሦስቱ ሰዎች ስም የለም። ጓደኛዬ «እነዚህስ እነማን ናቸው?» አላቸው። ኦማ መነጽራቸውን አስተካክለው ጠጋ ብለው አዩት። በእውነት ነው ያዩት፣ ለይስሙላ አይደለም። «ሠራተኞች ናቸው» አሉና ገጹን ገለጡት።

ቀጥለው «አያቴ ሲመጡ እዚህ ማንም አልነበረም» አሉ። «ድንጋይና እሾህ ብቻ።»

ይሄ ዓረፍተ ነገር በየእርሻው ይባላል፤ ገስት ፋርም የሞከረ ሰው ሳይሰማው አይቀርም። እኔ ደግሞ እውነት ሊሆን ይችላል እላለሁ። በ1909 እዚያ ቦታ ላይ ሰው ላይኖር ይችላል። ጥያቄው ሰዉ የት ሄደ ነው። ጠየቅን። «ጦርነት ነበር፤ ለሁሉም ክፉ ዘመን ነበር» አሉ ኦማ፤ ልጃቸው ደግሞ ቢራ ልድገማችሁ ወይ አለን።

እሳቸው የዘለሉትን እኔ ልሙላ። (ዓመቱም ወሩም ቀኑም በፈረንጅ ነው።) ይህ መሬት የሄሬሮዎች የከብት አገር ነበር። በ1897 የከብት ደስታ በሽታ ገባና መንጋቸውን ፈጀው። በሽታው ለኛ እንግዳ አይደለም። በ1880ዎቹ መጨረሻ ጣሊያኖች በምፅዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር መጥቶ ክፉ ቀንን ያወረደብን ያው በሽታ ነው። የኛን በሬ ጨርሶ ወደ ደቡብ ወረደ፣ ዛምቤዚን ተሻገረ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ እዚህ ደረሰ። የሄሬሮ አያቶችና የኛ ቅድመ አያቶች በአንድ በሽታ ነው የተራቡት። ይሄን እዚያ ሆኜ ሳስበው ሰውነቴን ወረረኝ። ከብቱ ሲያልቅ ነጮቹ ነጋዴዎች ዕቃ በዱቤ ይሰጡ ጀመር፤ ዱቤው ሲከማች የተረፈው ከብትና መሬቱ በዕዳ ተያዘ።

ጥር 1904 ሄሬሮዎች በሳሙኤል ማሃሬሮ መሪነት ተነሡ። ቅኝ ገዢዋ ጀርመን ጄኔራል ሎታር ፎን ትሮታን ላከች። ነሐሴ 11 ቀን ዋተርበርግ ተራራ ሥር ትልቁ ውጊያ ሆነ፤ የተሸነፈው ሕዝብ፣ ሴቱም ሽማግሌውም ከብቱም፣ በምሥራቅ በኩል ወደ ኦማሄኬ በረሃ ሸሸ። ሠራዊቱ ከኋላ ተከትሎ የውሃ ቦታዎቹን ያዘባቸው። ጥቅምት 2 ቀን ፎን ትሮታ ያወጣው ትዕዛዝ በጽሑፍ አለ፦ በጀርመን ድንበር ውስጥ የተገኘ ሄሬሮ ሁሉ፣ መሣሪያ ይያዝ አይያዝ፣ ከብት ይኑረው አይኑረው፣ ይተኮስበታል። ትዕዛዙን በርሊን በታኅሣሥ ሻረችው። የተረፉት ግን ወደ ማጎሪያ ካምፕ ነው የተነዱት። በደቡብ ናማዎችም በዚያው ዓመት ተነሥተው ያው ደረሰባቸው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት ከ80,000 ሄሬሮ 65,000 ያህሉ፣ ከ20,000 ናማ ደግሞ 10,000 ያህሉ አለቁ የሚል ነው። የሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያው የዘር ማጥፋት የሚሉት ለዚህ ነው።

ከዚያ ሕጉ መጣ። በታኅሣሥ 1905 የሄሬሮ ንብረት ሁሉ እንዲወረስ ታወጀ። በ1907 ደግሞ አፍሪካዊ ያለ ገዥው ፈቃድ መሬትም ከብትም እንዳይኖረው የሚያግድ ደንብ ወጣ፤ ከሰባት ዓመት በላይ የሆነ አፍሪካዊ ሁሉ ቁጥር ያለው የብረት ምልክት አንጠልጥሎ እንዲሄድ ተደረገ። የተለቀቀው መሬት በካርታ ተከፋፍሎ ለሰፋሪ ተሸጠ። የኦማ አያት በ1909 የገዙት ይህንን ነው። ውሉ በፍሬም ሆኖ ሳሎን ተሰቅሏል፤ ማኅተሙ ያምራል።

ኦማን ውሸታም ማለቴ አይደለም። ያልነገሯቸውን አልነገሩንም። የራሳቸው መከራም አላቸው። አባታቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንደ ብዙዎቹ የአገሩ ጀርመኖች ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አንዳሉሲያ በሚባል ካምፕ ታስረው ቆዩ፤ እናታቸው ሕፃናት ይዘው ይህን ሁሉ መሬት ብቻቸውን አስተዳደሩ። እሱን ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ከቤቱ ጀርባ የቤተሰቡ መቃብር አለ፤ ብዙው የሕፃን መቃብር ነው፣ ድንጋዩ ያጥራል። ቆሜ አይቼዋለሁ፣ አሳዝኖኛል። ግን ሐዘኑ ከ1909 ነው የሚጀምረው፤ ከዚያ በፊት ያለው ባዶ ገጽ ነው፣ እንግዳው ደግሞ ሌላ ምንጭ ከሌለው ይህንኑ ይዞ ወደ አገሩ ይመለሳል።

ጠዋት የጉዞው ምርጥ ሰዓት መጣ። ፕሮግራሙ ላይ ግን የለም።

እርሻው ላይ አንድ ሽማግሌ ከብት ጠባቂ አሉ፣ ሄሬሮ ናቸው። የኦማ የልጅ ልጅ፣ ገና ጢሙን በቅጡ ያላበቀለ ልጅ፣ በስማቸው ብቻ ነው የሚጠራቸው። እኛ አንጀታችን አልቻለም። በሄሬሮ አባት «ታቴ» ነው፤ እኛም ታቴ አልናቸው፣ ደስ አላቸው። የልጃቸው ልጅ እንግሊዝኛ ስለሚችል እሱ እያስተረጎመልን አብረናቸው ከብት ጋር ወጣን።

የፎቶው ጉድጓድ አሁን በሲሚንቶ ተገንብቷል፤ ከላዩ በንፋስ የሚሠራ የውሃ መሳቢያ ይንቋቋል። ታቴ ግን እሱ ጋ አልቆሙም። አልፈው ወደ ደረቁ ወንዝ ጠርዝ ወሰዱን። እዚያ ወደ ውሃው የሚያወርድ የድንጋይ መንገድ አለ፤ ጠፍጣፋው ዓለት ላይ የከብት ሰኮና የፈጨው ቦይ ይታያል። ቁጢጥ ብዬ በእጄ ዳሰስኩት። ያ ልስላሴ በሠላሳና በአርባ ዓመት የሚመጣ አይደለም። የታቴ አያት ከካምፕ ተርፈው ለዚህ እርሻ በሠራተኝነት የተመደቡ ሰው ነበሩ። ጉድጓዱ የት እንደሚቆፈር ያሳዩት እነሱ ናቸው አሉን፤ ከበፊቱም ያውቁት ነበርና። አልበሙን አይተውት ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አያውቁም። እዚያው ተወልደው እዚያው አርጅተዋል፤ ከሳሎኑ እስከ ቤታቸው ቢበዛ ሦስት መቶ ሜትር ነው።

ሄሬሮዎች «ኦሚታንዱ» የሚሉት የውዳሴ ቅኔ አላቸው። ለሰው ይባላል፣ ለከብት ይባላል፣ ለቦታ ይባላል። የቦታው ሲሆን ማን እዚያ እንደኖረ፣ የማን መንጋ ከዚያ ውሃ እንደጠጣ፣ ማን እንደተቀበረ ይቆጠርበታል። ፉከራና ቀረርቶ እየሰማ ያደገ ሰው ቃሉ ባይገባውም ሥራው ይገባዋል። ታቴ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ሳይጮሁ፣ ወደ ወንዙ እያዩ አወረዱት። ልጁ መጀመሪያ ለመተርጎም ሞከረ፤ ከዚያ አልደርስ ሲለው «ይሄ ስም ነው… ይሄም ስም ነው… አሁንም ስም ነው» እያለ ተወው።

እዚህ ላይ ነው ቤቱን የምወቅሰው። ይሄ በእጃቸው ያለ ሀብት ነው። የፀሐይ መጥለቂያውን የመኪና ሽርሽር ለብቻው ያስከፍላሉ (ያምራል፣ ቢራውም ቀዝቃዛ ነው፣ ቀጭኔ አይተናል፣ በቃ)፤ የታቴን ጠዋት ግን ዋጋ አልሰጡትም፣ ለእንግዳም አይናገሩም። ስንሄድ ለባለቤቱ ነገርነው። «እሳቸው ዓይን አፋር ናቸው፣ እንግዳ ማስቸገር አይወዱም» አለን። ሰውየው ግን ፀሐይዋ አናታችንን እስክትበሳው አውርተውናል። እውነቱ ሌላ ይመስለኛል። እራት ላይ ስለ መሬት ሲነሳ የቤቱ አየር ተለውጦ ነበር። በ2018 የአገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ባወጣው መረጃ ከግል የእርሻ መሬት 70 በመቶ ያህሉ በነጮች እጅ ነው፤ መንግሥት ደግሞ ከሚሸጥ ባለቤት እየገዛ ነው የሚያከፋፍለው፣ እሱም ቀስ እያለ። እንግዲህ «ይህ ውሃ የማን ነበር?» የሚለው ጥያቄ ለቱሪስት ወግ ቢሆንም ለባለቤቱ የፍርድ ቤት ሽታ አለው። ፍርሃቱ ይገባኛል። ነጥቡን ግን አያስጨምርም።

ከእርሻው ስትወጡ ኦካሃንጃን ዝም ብላችሁ እንዳታልፉ። ከዊንድሁክ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ሰው የእንጨት ቅርጻ ቅርጽ ገዝቶ ይነዳል። ሳሙኤል ማሃሬሮ በስደት ቦትስዋና ሞተው በነሐሴ 1923 ሬሳቸው ተመልሶ የተቀበረው እዚህ ነው፤ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ሄሬሮዎች ተሰብስበው ወደ አለቆቻቸው መቃብር ይሄዳሉ። ወንዶቹ ወታደራዊ ልብስ፣ ሴቶቹ ሰፊ ረጅም ቀሚስና የላም ቀንድ ቅርጽ ያለው ሻሽ። ታቴም አንድም ዓመት እንዳልቀሩ ነግረውናል። ጉዟችሁን ከዚያ ጋር ካገጣጠማችሁት ዕድለኞች ናችሁ፤ ግን ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፣ የሙታን መታሰቢያ ነው።

ስዋኮፕመንድ ላይ ደግሞ ተበላን። መሃል ከተማ ያለ አንድ ቢሮ (ስሙ ይቅር) «የጀርመን ቅርስ ጉብኝት» ሸጠልን። በ1902 የተሠራው የባሕር መብራት ማማ፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ፣ የመርከብ ድርጅት የነበረው የቮርማን ቤት፣ መጨረሻ ላይ ኬክ ቤት። አስጎብኚው ስለ እንጨት ሥራው፣ ስለ ግንቡና ስለ ማማው ሲናገር አፉ ማር ያንጠባጥባል። የመርከብ ድርጅቱ ከማጎሪያ ካምፕ እስረኞችን በግድ ያሠራ እንደነበር አንድ ቃል የለም። የካምፑን ቦታ ስንጠይቀው «እሱ በዚህ ጉብኝት ውስጥ አይካተትም» አለን። አንድ ኮከብ፣ እሱም ለኬኩ።

በማግሥቱ አንድ ወጣት ሄሬሮ በእግር አስጎበኘን። ይሄኛው አምስት ኮከብ ነው፣ ያለ ክርክር። ከተማው ዳር ወደሚገኘው መቃብር ወሰደን። የጀርመኖቹ በኩል ዛፍና አበባ አለ፣ ውሃ ይጠጣል፣ ድንጋዩ ላይ ስም፣ የትውልድ ከተማ፣ ቀን። አልፋችሁ ወደ በረሃው በኩል ስትሄዱ ሜዳው ሙሉ ዝቅ ያሉ የአሸዋ ጉብታዎች ናቸው፤ ዓይን እስኪደክመው። ዳር ላይ ጠጠር የተከበበላቸው አሉ፣ ነፋስ ያስተካከላቸው አሉ። በካምፑ ያለቁት ናቸው። አንድ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሞላቸዋል። ድሮ ቱሪስት በአራት ጎማ ሞተር ይጋልብባቸው ነበር ሲለን ጓደኛዬ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ከዚያ ላይድሎ ፔሪንጋንዳ የሚባሉ ከዘር ማጥፋቱ ሰለባዎች የሚወለዱ ሰው ያቋቋሟትን ትንሽ የዘር ማጥፋት ሙዚየም ተመልከቱ። ከመብራት ማማው ሥር ያለውን የከተማውን ሙዚየምም እዩት፤ የጥርስ ሐኪሙ አልፎንስ ቬበር በ1951 የመሠረተው ነው፣ ስለ በረሃው ተክልና ማዕድን ብዙ ታገኙበታላችሁ። ትልቁን ካያችሁ በኋላ ትንሿ ለምን እንዳስፈለገች ማንም ሳያስረዳችሁ ይገባችኋል።

ወጣቱ አስጎብኚ ከየት እንደሆንን ጠየቀን። ኢትዮጵያ ስንለው «አሃ፣ የከሰሳችሁልን!» ብሎ እጃችንን ጨበጠ። እኛ ትምህርት ቤት ይሄን ማን አስተማረን? በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ፣ የቀድሞው የመንግሥታት ማኅበር አባላት ስለነበሩ፣ ከጀርመን በኋላ ይህችን አገር ትገዛ የነበረችውን ደቡብ አፍሪካን ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ክሱ ስድስት ዓመት ፈጀ። ሐምሌ 18 ቀን 1966 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፈሉ፤ በፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ተጨማሪ ድምፅ «ሁለቱ አገሮች በጉዳዩ መብት የላቸውም» ተብሎ ክሱ ወደቀ። በቀጣዩ ወር ስዋፖ፣ የናሚቢያ ነጻ አውጪ ድርጅት፣ የትጥቅ ትግል ጀመረ። በጥቅምት የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የደቡብ አፍሪካን ሞግዚትነት ሻረ። ነጻነቱ የመጣው መጋቢት 21 ቀን 1990 ነው። ተሸንፈን እንኳ የሚያስታውሱን ሰዎች ናቸው። ለቱሪስት አበሻ ከዚህ የበለጠ አቀባበል የለም።

ጊዜና ጉልበት ያለው ወደ ደቡብ ሉደሪትስ ይውረድ። መንገዱ ረጅም ነው፣ ነፋሱ አሸዋ ይደፋል። በ1883 የአዶልፍ ሉደሪትስ ወኪል ከናማው አለቃ ከዮሴፍ ፍሬድሪክስ የባሕር ዳር መሬት በማይል ለክቶ ገዛ። አለቃው የሚያውቁት የእንግሊዙን ማይል ነው፣ አንድ ተኩል ኪሎ ሜትር ገደማ። ገዢው በጀርመኑ ማይል ነው የለካሁት አለ፣ ሰባት ተኩል ኪሎ ሜትር ገደማ። በአንድ ቃል መሬቱ አምስት እጥፍ ሰፋ። ከከተማው ጫፍ ያለው ሻርክ ደሴት ከ1905 እስከ 1907 ማጎሪያ ካምፕ ነበር፤ ለዓመታት ደግሞ ቱሪስት ድንኳን ተክሎ የሚያድርበት ቦታ ሆኖ ኖሯል። እኛ አላደርንም። አጠገቡ አሸዋ የዋጠው ኮልማንስኮፕ የሚባል የተተወ ከተማ አለ፣ ፎቶ ለሚወድ ገነት ነው። እዚያ አካባቢ በ1908 የመጀመሪያውን አልማዝ ያነሣው ዘካርያስ ሌዋላ የሚባል የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነው። ለአለቃው ለአውጉስት ሽታውክ ሰጠው። ሽታውክ ከበረ፤ ሌዋላ ምንም አላገኘም። አስጎብኚዎቹ ስሙን ይጠሩት እንደሆነ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ።

ካሳውን ለምትጠይቁኝ፦ በ2021 ጀርመን ድርጊቱን የዘር ማጥፋት ብላ ጠርታ በ30 ዓመት የሚከፈል 1.1 ቢሊዮን ዩሮ ለልማት አቀረበች። ካሳ የሚለውን ቃል ግን ሸሸችው። ብዙ የሄሬሮና የናማ አለቆች «እኛ በሌለንበት የተደረገ ድርድር ነው» ብለው አልተቀበሉትም። ናሚቢያ ከ2025 ጀምሮ ግንቦት 28ን በብሔራዊ ደረጃ የዘር ማጥፋቱ መታሰቢያ ቀን አድርጋዋለች፤ በ1907 ካምፖቹ እንዲዘጉ የታዘዘበት ቀን ነው። አጋጣሚ ሆኖ ቀኑ በኛ አቆጣጠር ግንቦት 20 ነው፣ እሱን ለናንተ ትቻለሁ።

እንግዲህ ለምትሄዱ፦ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ ስዋኮፕመንድ፣ የእግር ጉብኝቱና መቃብሩ፣ ቀጥሎ ኦካሃንጃ፣ እርሻው መጨረሻ። ከዊንድሁክ ስዋኮፕመንድ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው፣ በቀን ንዱት። መቃብሩን አይቶ ኦማ ፊት የሚቀመጥ ሰው የሚጠይቀውን ያውቃል፣ በጨዋነትም ይጠይቃል፤ አሮጊቷን ማሸማቀቅ ነውር ነው። ጥሬ ራንድ ያዙ፣ የእግር አስጎብኚዎቹ ሁሉ የካርድ ማሽን የላቸውም። እርሻውን ለማስያዝ ስትደውሉ ደግሞ አስቀድማችሁ ተናገሩ፦ «ጠዋት ከከብት ጠባቂው ጋር መውጣት እንፈልጋለን፣ ክፍያውን ለእሳቸው ለራሳቸው እንሰጣለን» በሉ። አይሆንም ካሏችሁ ሌላ እርሻ ሞልቷል።